ወለቃ ያላሠራሁት መፍቻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፮

መፍቻውን ወለቃ አላሠራሁትም። ይህን ከሁሉ በፊት እጽፋለሁ። ዛሬ ጎረቤቴ ጥሩነሽ ከኪዳነ ምሕረት ስትመለስ በሬ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል፣ «እመይቴ፣ ድሬሰር አዳነን የጣለው እርስዎ ከወለቃ ጠይብ ያሠሩት ብረት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት አይደለም። እግሬ ወለቃን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል። መፍቻው ፒያሳ ከመንገሻ ሱቅ፣ ዘይት በነካው ወረቀት ተጠቅልሎ የተገዛ የእንግሊዝ ዕቃ ነው።

ሁለተኛ፣ ዓይኔ አልፈዘዘም። ይህንንም ይላሉ አሉ። ዛሬ ጧት ያለ መነጽር መርፌ ሰክቻለሁ።

ንዴቴ ሲበርድልኝ ልጽፍ ብዬ ነበር። አልበርድ አለኝ።

የሆነው ይህ ነው። አዳነ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፤ ቁስል የሚያስር፣ መርፌ የሚወጋ። በየዓርቡ የክትባቱን ሣጥን ከኋላው አስሮ በቢስክሌት ወደ ትክል ድንጋይ ይወርዳል። ቢስክሌቱ ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ አንድ ጣሊያን ወደ አገሩ ሲገባ ለጤና ጣቢያው ትቶት የሄደ። መሪውን ከአንገቱ ጋር አጥብቆ የሚይዘው ከላይ የሚገባ አንድ ረጅም ብሎን ብቻ ነው። የብሎኑ ራስ መሐሉ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ተቦርቡሯል፤ ተራ መፍቻ አይዘውም። የሚገባበት እንደ ከዘራ የታጠፈ ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ ነው፤ ጣሊያኖቹ ብሩጎላ ይሉታል። ባለፈው ሐሙስ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ዓርብ አዳነ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጠመዝማዛው ላይ መሪውን አዞረ። መሪው ዞረ፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ሄደ።

ገደሉ አልበላውም፤ ተመስገን። ክንዱ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የክትባቱ ጠርሙስ አንድ ሳይቀር ደቋል።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጣሊያን ጋራዥ የቀሰመውን ሙያ ለኔ አውርሶኝ ነው የሞተው። ሱቁን ብቻዬን ከያዝሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእጄ በወጣ ቢስክሌት የወደቀ ሰው የለም። እጄ ነው ወይስ ዕቃው? ዕቃው ነው። ነገ መንገሻን አገኘዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፯

አገኘሁት። ሱቁ ሰው ሞልቶበት ነበር፤ እሰየው አልሁ። መፍቻውን ባንኮኒው ላይ ጣልሁና «አያ መንገሻ፣ ይህ የበሰበሰ ብረት የሰው ክንድ ሰብሯል። በካርቱም በኩል አመጣሁ ብለህ የምትሸጠው ይህን ነው?» አልሁት።

መንገሻ አልደነገጠም። መፍቻውን አንሥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገውና «ምነው እመይቴ? ይህን ዕቃ እኮ በሞረድ ሞክረው፣ በጠርሙስ ፍቀው፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን አዳምጠው ነው የወሰዱት። እኔ ሚስቴን ሳጭ እንኳ እንዲህ አልመረመርኩም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

መርምሬያለሁ፤ አልክድም። እንደኔ የሚመረምር ካለ ይምጣ። ጥሩ ብሩጎላ የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ ባለቤቴ እንዳስተማረኝ፦

ሞረድ ሲያርፍበት ሞረዱ መንሸራተት አለበት። ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ማዕዘኑ ይዶለዱማል።
ማዕዘኑ የጠርሙስ ገላ መጫር አለበት።
ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይሁን። ሰያፍ ከተቆረጠ ጉድጓዱን በከንፈሩ ብቻ ይይዛል።
ጉብጠቱ ላይ የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ ካለ መልሰው።
የሚያብለጨልጨውን አትግዛ። የተቀባ ነገር የሚሸፍነው አለው።

የመንገሻ ዕቃ ይህን ሁሉ አልፏል። ታዲያ ምን ጎደለው? «ስሠራበት ይላወስ ነበር» አልሁት። «ቆርቆሮ አላስገቡም?» አለኝ። አስገብቻለሁ እንጂ! በዚህ ከተማ ቆርቆሮ የማያስገባ ማን አለ? የብሎኑ ጉድጓድ አርጅቶ ሲሰፋ ከሰርዲን ጣሳ አንድ ስንጣቂ ቆርጠን ከመፍቻው ጋር እንከታለን፤ ይጠብቃል። ከጣሊያን መውጣት ጀምሮ ሁሉም የሚሠራው እንዲሁ ነው። «እንግዲያስ ምን ላድርግልዎ?» አለ። ሌባ አልሁት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያው ጸሐፊ የወደቀውን ቢስክሌት በሰው አስገፍቶ አመጣልኝ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ፤ እኔ የምፈራው ፈገግታ። «እመይቴ፣ እስከ ሰኞ ይጠግኑልን። እርስዎን የሚነካ ነገር የለም። አለቃችን አዳነ ጠጥቶ ነው ብለዋል። ሰኞ ጧት ጉዳዩ ይታይና ይሰናበታል» አለኝ።

አዳነ? በክርስትና ቤት እንኳ ብርሌ አንሥቶ የሚመልስ ልጅ ነው። እናቱን የሚጦረው እሱ ነው። «ቃሉን ማን ሰማ?» አልሁት። ጸሐፊው ትከሻውን ሰበቀና ሄደ።

ቢስክሌቱ ከጥግ ቆሟል። መሪው ወደ ግድግዳው፣ ጎማው ወደኔ ዞሯል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፰

ይህን ገጽ ቀድጄ መጣል እችል ነበር። አልቀድም።

ጧት ሱቁን ከውስጥ ዘጋሁት። የብሎኑ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሰፋ ለማየት ጧፍ አሙቄ ሰሙን በጣቴ አለሰለስሁና እስኪሞላ ጠቀጠቅሁበት። ሲደርቅ በመርፌ ወግቼ ሳብሁት። የትንሽ ጣቴን ጫፍ የሚያህል የሰም ዘንግ ወጣ። ስድስቱም ማዕዘን ስል ነው። ትናንት የተቦረቦረ ይመስላል እንጂ ያረጀ አይደለም። ብሎኑ አላረጀም!

ከሰሙ ግርጌ አንድ ነገር ተለጥፏል። የሰርዲን ጣሳ ቆርቆሮ፣ እንደተኘከ ቅጠል የተጨማደደ። ያ ባለፈው ሐሙስ ያስገባሁት ነው።

መፍቻውን ከሰሙ ጎን አስተኛሁት። መፍቻው ይቀጥናል። በጣም አይደለም፤ በግማሽ ጥፍር ውፍረት። ግን ይቀጥናል።

ያን ጊዜ መነጽሬን አወጣሁ። (መርፌውን ማክሰኞ የሰካሁት በሦስተኛው ሙከራ ነበር። ይኸው ጻፍሁት።) በመፍቻው ገላ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ ሰባት፣ ከሥሩ ሠላሳ ሁለት። የእንግሊዝ ልኬት ነው፤ እንግሊዝ ኢንቹን ሠላሳ ሁለት ቦታ ሸንሽኖ ይለካል። ቢስክሌቱ ጣሊያን ነው፤ ጣሊያን በሚሊሜትር ይለካል፤ የባለቤቴ አሮጌ መፍቻ ላይ አንድ ስድስት ቁጥር ብቻ ነበረች። ሁለቱ ልኬቶች ለመገናኘት ምንም አልቀራቸውም፤ ግን አይገናኙም።

ስለዚህ የመንገሻ መፍቻ ጥሩ ነው። እጅግ ጥሩ ነው። ለሌላ ብሎን ነው።

ባለፈው ሐሙስ ክንዴ «ጠበቀ» ያለኝ ብሎኑ አልነበረም። ቆርቆሮው ነበር። ቆርቆሮው ሲጨማደድ ያቃስታል፤ ያ ማቃሰት ለእጅ ልክ እንደ መጥበቅ ነው። የዚህ ከተማ ቢስክሌት ሠሪ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከጣሊያን ብሎን ጋር የእንግሊዝ መፍቻ እያጋባ፣ በመካከላቸው ቆርቆሮ እየሸጎጠ፣ ብሎኑ አርጅቷል እያለ ኖሯል። ያረጀው ብሎኑ አይደለም።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ሴት ልጅ ናት ብሎ አልራራልኝም። አንድ ፊደል ብሳሳት እንድፍቀው አይፈቅድም፤ ብራናውን ሙሉ እንደገና ያስጽፈኛል። ጣቴ እየደማ ጽፌያለሁ። ያን ሁሉ ተምሬ ቆርቆሮ ሸጎጥሁ። በራሴ የተናደድሁትን ያህል በመንገሻ አልተናደድሁም፤ በመንገሻም ተናድጃለሁ፤ «ቆርቆሮ አላስገቡም?» ይላል ደግሞ።

ከሰዓት በኋላ ሰሙን በመሐረብ ጠቅልዬ ወለቃ ሄድሁ። በቀን፣ በዋናው መንገድ፣ ጥሩነሽ እያየችኝ። የባለቤቴ መፍቻ ሲጠፋ አምሳያውን ጎንደር ሙሉ ፈልጌ አጥቻለሁ። በሰም ልክ ብረት የሚያወጣ ሰው የት እንዳለም አውቃለሁ።

ጠይቡ አያ በሪሁን ይባላል። ወናፉን አቆመና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እመይቴ፣ ዘገዩ» አለኝ። «ምነው?» አልሁት። «ሰው ሁሉ መፍቻውን እኔ እንደሠራሁልዎ ከነገረኝ ሦስት ቀን ሆነኝ። እስኪ መቼ መጥተው ያዝዙኛል ብዬ ስጠብቅዎ ነበር።» ሚስቱ ከሸክላዋ ቀና ሳትል ሳቀች። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። አንቱ ብዬው ነው ያናገርሁት፤ ዓይኑን ወደ እሳቱ መለሰ።

ሰሙን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው። «በሰም ልክ መውሰድን ማን ነገረዎ?» አለኝ። «የብራና ማኅተም ሰም ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም?» አልሁት። ነገ ጧት ብሎኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፱

የመጀመሪያው ተሰበረ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለተኛ ጥፋት በዐሥር ቀን።

አያ በሪሁን ብረቱን ያወጣው ከወደቀ የጣሊያን መኪና ባሌስትራ ነው፤ መኪናውን ሲሸከም የኖረ ብረት። ቀጥቅጦ፣ አጥፎ፣ ስድስቱን ገጽ በሞረድ አወጣ። አንዱን ገጽ ሲሞርድ ቀኝ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሰሙን ጎን አደረግሁት፤ አንድ ነው። እሳት አስገብቶ ሲቀላ «ዘይት ልንከረው» አለ። «ውሃ ይሁን፤ ሞረድ የማይነክሰው ጠንካራ እፈልጋለሁ» አልሁ። «ይሰበራል እመይቴ።» «ውሃ!» አልሁ። ጮኼ ነው ያልሁት። ውሃ ነከረው። ሞረድ ተንሸራተተበት፤ ጠርሙስ ጫረ። ደስ አለኝ። ሞርሳ ላይ አስሮ በቧንቧ ሲጠመዝዘው ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ።

ስባሪውን አንሥቶ ሰጠኝ። «የሚፈልጉት ብርጭቆ ነው» አለኝ። «ብርጭቆ የሚሠራ ሌላ ነው።»

ስባሪውን በመሐረቤ ቋጠርሁት። «እንግዲያስ እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አልሁት።

ሁለተኛውን እሱ እንዳለ ሠራ። ፀሐይ እያዘነበለች ነበር፤ ሚስቱ ሁለት ጊዜ ከደጅ ብቅ ብላ ሰማዩን አየች። ቤተ እስራኤል ናቸውና ሰንበታቸው ሊገባ ነው፤ ከገባ እሳት አይነካም፤ ቅዳሜ አይሠራም፤ እሑድ እኔ አልሠራም። ያላለቀ እንደሆነ ሰኞ ባዶ እጄን ነኝ። ኑግ ዘይት ነከረው፤ ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ከዚያ ፍም ዳር አስቀምጦ ቀለሙን ጠበቀ። ብረቱ እንደ ጤፍ ገለባ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ጠይም። «አሁን» ብሎ አነሣው። ሞርሳ ላይ ጠመዘዘው፤ ትንሽ ለመጠና ተመለሰ። ሞረድ በብዙ ግፊት ጥቂት ይነክሰዋል። ይህን ጥቂት ነው እኔ እንደ ጉድለት የቆጠርሁት።

ፀሐይ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ሲቀራት እሳቱን ዳፈነ።

ለራሴ ዝርዝር ላይ ልጨምር፦ ይለምጥ። ከሁሉም በላይ ይለካ። ጥንካሬውን ሳትጠይቅ ልኩን ጠይቅ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፳

ገበያ ነው፤ ሰው ሁሉ በደጄ ያልፋል። ባለቤቴ ትቶልኝ በሄደው አሮጌ የጣሊያን ቢስክሌት ላይ አዲሱን መፍቻ ሞከርሁት። ገባ። ገብቶ ሲቀመጥ ድምፅ አልነበረውም፤ የሚላወስ ነገር የለም። ያለ ቆርቆሮ። አጠበቅሁ፣ ፈታሁ፣ አጠበቅሁ። ዐሥር ጊዜ። ማዕዘኑ አልተነካም። ጎማውን በጉልበቴ ይዤ መሪውን በሁለት እጄ አዞርሁት፤ ንቅንቅ አላለም።

ጥሩነሽ ገባች። «ታዲያ ወለቃ አሠሩ ማለት ነው!» አለች፤ ያሸነፈች ይመስላታል። «አዎ፤ ትናንት አሠራሁ። ማክሰኞ አላሠራሁም ነበር። ሂጂና ሁለቱንም ንገሪ» አልኋት። ሁለቱንም አትነግርም። መፍቻውን ልትነካው ፈልጋ እጇን መለሰች። አስቆጣችኝ። «ክንድ የሰበረው ከፒያሳ የመጣው ነው፤ ይህን ለምን ትፈሪዋለሽ?» አልኋት። ክንዱን የሰበረው የኔ ቆርቆሮ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ይህንንም እጽፋለሁ፤ አላልሁም።

ጸሐፊው እንደገና መጣ። «አለቀ?» «አልነካሁትም።» ቢስክሌቱን አየ፤ መሪው እንደ ተጣመመ ነው። «ሰኞ ጧት በደንብ ቆሞ እንዲታይ ይፈለጋል» አለ። «ለምን?» አልሁት። «ቢስክሌቱ ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የሰውየው ነው፤ ነገሩ ያልቃል። እመይቴ፣ እርስዎን ማን ጠየቀዎ?»

ልክ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ብሎኑን ባጠብቀው ማንም አይጠይቀኝም። ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ መፍቻውም አሁን አለኝ፤ በዚህ ከተማ አንደኛ መፍቻ። ስሜ ይተርፋል፤ ሱቁ ይተርፋል። ጸሐፊው ከሄደ በኋላ መፍቻውን ይዤ ቢስክሌቱ አጠገብ ቆምሁ። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። መፍቻውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት።

እሑድ፣ ጥቅምት ፳፩

ከቅዳሴ መልስ ሆስፒታል ሄድሁ። አዳነ ክንዱ በጀሶ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ፤ ተቀመጥ ብዬ ተቆጣሁት።

እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እሱ ጀመረ። «እመይቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የወደቅሁ ዕለት ጧት መንገድ ላይ የአንድ በሽተኛ ቤት ገብቼ ነበር። እምቢ ብል ይቀየሙኛል ብዬ አንድ ጣሳ ጠላ ጠጣሁ። አንድ ብቻ። ከወደቅሁ በኋላ ሳስበው፣ ምናልባት እጄ ነው ያልታዘዘኝ እላለሁ። ሰኞ የሚሉኝን እቀበላለሁ።»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይህን ሲያብሰለስል ኖሯል! እኔ በመንገሻ ሱቅ ስጮህ፣ ወለቃ ስመላለስ፣ ይህ ልጅ እዚህ ተኝቶ በራሱ ላይ ይፈርዳል። «አንድ ጣሳ ጠላ መሪ አይፈታም!» አልሁት። የጎኑ በሽተኛ ከእንቅልፉ ነቃ።

ከዚያ ነገርሁት። ሰሙን፣ ቁጥሩን፣ ቆርቆሮውን። ቆርቆሮውን ያስገባሁት እኔ መሆኔን። ይቅር በለኝ አልሁት። የተሰበረ ክንዱን ያይ ነበር። «ያማል?» አልሁት። «ያማል» አለኝ። ቆይቶ ግን ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር መጣ። «ሰኞ ይህን ቢሉ ማን ያምንዎታል እመይቴ? እርስዎ ተሳሳትሁ ሲሉ በዚህ ከተማ የሰማ ሰው የለም።»

ይቅር ማለቱ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። አልጠየቅሁትም። እናቱ ከደጅ ሾርባ ይዛ ስትገባ ወጣሁ፤ የሷን ዓይን ማየት አልቻልሁም።

አለቃው ምን እንደሚል አላውቅም። ሱቁን ዝጊ ሊለኝ ይችላል። ሰው ቢስክሌቱን ወደኔ ማምጣት ሊተው ይችላል። ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረው ንዴት ዛሬ ቀለል ብሏል። ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ጸሐፊውን ሳስበው ይመለሳል።

ነገ በቅድሚያ የማደርገው፦

ብሎኑን አልነካም። ቢስክሌቱን መሪው እንደ ተጣመመ እየገፋሁ በፒያሳ በኩል እሄዳለሁ፤ በጓሮ መንገድ አይደለም።
ሰሙን፣ ቆርቆሮውን፣ የእንግሊዙን መፍቻ፣ የወለቃውን መፍቻ፣ ስባሪውንም፣ በአንድ መሐረብ።
ጤና ጣቢያው ሳይከፈት ደጁ ላይ እገኛለሁ።
አለቃው ራሱ ጎማውን በጉልበቱ ይዞ መሪውን ያዙር። ካዞረ በኋላ ጠላው ምን አደረገ ብዬ እጠይቀዋለሁ።
ከዚያ በፊቱ አጠብቀዋለሁ። መፍቻውን ማን ሠራው ካለኝ አያ በሪሁን፣ ወለቃ።
ስመለስ መንገሻ ሱቅ፤ ሰው እስኪሞላ ቆሜ ጠብቄ፣ ሌባ አይደለህም እለዋለሁ። ይሳቁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ መነጽሬን አደርጋለሁ።